ፍሪጄ ውስጥ የገባው ጂን

መጀመሪያ ስለ ፍሪጄ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፍሪጁን ያመጣችልኝ ልጄ ናት፤ ሞጆ ሥራ የያዘች ጊዜ፣ «እማዬ ብቻሽን እንዳይከፋሽ» ብላ። ፍሪጅ ሰው እንደሚያጽናና ያን ቀን ነው የሰማሁት። ደግሞም አጽናንቶኛል፤ ሲነሳበት እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚያጓራ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስላል። ሰበታ ላይ መብራት መጣ ሄደ ብሎ ማንም አይነግረኝም፤ እሱ ይነግረኛል። በሩ አንዴ ከተከፈተ በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። ማቀዝቀዙን ግን አታንሱብኝ። ቅቤ ጠንክሮ ገብቶ ለስልሶ ይወጣል። ስለዚህ እንደ ቁም ሳጥን ነው የምንገለገልበት፤ ከላይ ጸበሌ በሃይላንድ ተሞልቶ ይቆማል፣ መሃል ላይ ቅቤና ሚጥሚጣ፣ ታች ደግሞ የልጅ ልጄ ማህሌት ፊቷን የምትቀባው ነገር። አንድ ጊዜ ይህንኑ ነገር ቅቤ ነው ብዬ አናቴን ተቀብቼ ቅዳሴ ሄጄ፣ ሴቱ ሁሉ ዞር ዞር እያለ ሲያሸተኝ ዋለ። እሱ ይቅር።

ማህሌትን እኛ ማሂ ነው የምንላት። እዚሁ ሰበታ ኮሌጅ ትማራለች፤ እናቷ ሞጆ ስለሆነች ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ምን ትማሪያለሽ ስላት «የማይታዩ ነገሮችን» ትለኛለች። እንግዲህ የማይታየውን ተምራ የሚታየውን ዕቃ ማጠብ ብትረሳ ምን ይገርማል ብዬ ዝም እላለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ቡድን አላቸው። ቡራዩ ውስጥ ሌላ ቡድን አለ፣ ሱሉልታም ሌላ። ሦስቱ አንድ ሥራ ተካፍለው ይሠራሉ። ይህን ያህል አውቅ ነበር፤ ከዚህ በላይ ባላውቅ ኖሮ ወይም ከዚህ በላይ ባውቅ ኖሮ ደህና ነበርኩ። ሰውን የሚያጠፋው መሃሉ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ማሂ ውስጥ ስልክ ታወራለች። ጆሮ እንደ ድስት ክዳን የለው።

«ጂኑ ገባ እኮ ለሊሴ!» ትላለች በደስታ። «አዎ፣ ያ ከእናንተ ከቡራዩ የመጣው! ... አልሞተም፣ እንዲያውም እየተራባ ነው። ... እኔ ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ። ... አያቴ? ኧረ አልነገርኳትም፣ ትደነግጣለች። ... ብቻ ቅዳሜ በሰው ፊት ቀይ ሆኖ ይውጣልን!»

ምስሩ ከነሰፌዱ ከጭኔ ወረደ።

በስመ አብ! ጂን? እኛ ቤት? ያውም ቅቤዬ ጎን? እኔ እኮ ጂን ማለት ከወንዝ ዳር፣ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከዋርካ ሥር እንጂ በታክሲ ተጭኖ ከቡራዩ ሰበታ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞ «እየተራባ ነው» አለች። አንዱን ስንችል አይደል!

ቤቴ መግባት ፈራሁ። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ዘበኛ ነበር፤ ከዘበኝነቱ የተረፈው አንድ ፊሽካና ሁሉን አውቃለሁ ማለት ነው።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ቶሎሳ?»

«ነጌያ፣ ነጌያ። ምነው ፊትሽ ዱቄት መሰለ?»

ነገርኩት። በዱላው መሬቱን እየቆረቆረ አሰበ።

«የየት ጂን ነው ያልሽው?»

«የቡራዩ።»

«እንዴ! ቡራዩ ግድብ አለ እኮ። የግድብ ጂን ነው። የውሃ ነገር ስለሆነ ሙቀት አይወድም፤ ፍሪጅ ውስጥ የከተቱት ለዚያ ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «ይገርማል፣ ልጆቹ ተምረዋል።»

«ቅዳሜ ቀይ ሆኖ ይወጣል ያለችውስ?»

ኦቦ ቶሎሳ ዝም አለ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ከምንም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ማታ እራት ላይ፣ ነገርን ከሥሩ ይሏልና፣ ልጅቷን ቀስ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ። እንጀራዋን አስቀድሜ፣ ወጡን ጨምሬ፣ ድምፄን አለስልሼ፤

«ማሂዬ፣ ያ ... ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነገርሽ ...»

«አየሽው እንዴ? እንዳትነኪው እማዬ! የኮሌጃችን ትራንስፎርመር ፈንድቶ ነው እንጂ እዚህ አላመጣውም ነበር። መምህራችን ራሱ በፕላስተር አሽጎ ነው የሰጠኝ።»

መምህሩም አለበት!

«ምን ይበላል?» አልኳት።

«ስኳር።»

«ስኳር ብቻ?»

«ስኳር ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል! በሰዓት ተኩል እጥፍ ይሆናል።»

የስኳር ዕቃዬን በዓይኔ ፈለግኩት። ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ የጎረቤት ልጆችን ሳማ ከርሜያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ይናገራል?»

ሳቀች። «አይናገርም፣ ምልክት ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«ሰው ላይስ ... ይወጣል?»

«ኧረ በጭራሽ! ደካማ ነገር እኮ ነው፣ ከብልቃጡ ውጭ ብዙም አይኖርም። ደግሞ ከጠረጠርን በረኪና እንደፋበታለን፣ ወዲያው ይሞታል።»

ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት። ስንቱ ምስኪን በየጸበሉ ሱባኤ ገብቶ፣ በመቁጠሪያ ተቀጥቅጦ ያልለቀቀው ጂን፣ ከሱቅ በሚገዛ በረኪና! ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ሸሸጉብን? እያልኩ ሳሰላስል ማሂ ሳህኗን ሳታነሳ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ኮሌጅ እንደሄደች በሬን ቀረቀርኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ። ፍሪጁን ከፈትኩ። ከታች፣ ፊት ከሚቀባው ጎን፣ ነጭ ሳጥን አለ፤ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል። ከቡራዩ የመጣ እንግዳ እንዲህ ታስሮ ሳይ ትንሽ እንኳ አሳዘነኝ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ውስጡ ጣት ጣት የሚያካክሉ ስድስት ብልቃጦች ቆመዋል፤ በውስጣቸው ያለው የደፈረሰ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ክዳን ጠምዘዝ ሳደርገው፣

ፍስስስ! አለ።

እኔም ከፍሪጁ እስከ አልጋው ድረስ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ በእግሬ ይሁን በምን አላውቅም።

ትንሽ ቆይቼ ተጠጋሁ። አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሽታው የማውቀው ሽታ ነበር። ደስ የሚል፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የእናቴን ጓዳ የሚያስታውስ። ያን ጊዜ ልቤ «ተይ» ብሎኛል። እኔ ግን ጂን መቼም ሰውን የሚያታልለው በሚወደው ሽታ ነው ብዬ፣ ልቤን ዝም አሰኘሁት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለኔ ነው።

ጸበሉን አወረድኩ፤ በየብልቃጡ ጠብ ጠብ አደረግኩ። አረፋ ደፍቆ ተነሳ። ጭራሽ ደስ ያለው ይመስላል! ጸበል ያልበገረው ምን ዓይነት ጂን ነው ብዬ ሳማትብ የማሂ ቃል ትዝ አለኝ። ልብስ ማጠቢያው ሥር ያለውን በረኪና አነሳሁ። ጸበልን በበረኪና ማገዝ ድፍረት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ደፋሁበት፤ በየብልቃጡ አንድ አንድ ክዳን። ከዚያ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። አንዱን ደገምኩ፣ አሁንም ይፍለቀለቃል። ሁለተኛውን ደገምኩ፣ ዝግ አለ። ሦስተኛውን ስጨርስ ጸጥ። ውሃው ጠራ፣ ከታች እንደ ጠመኔ ነጭ ነገር ተኛ።

ሞተ!

እልል ማለት አማረኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ በውስጤ አልኩ። ክዳኑን መልሼ፣ ፕላስተሩን መልሼ፣ በሩን በትከሻዬ ዘጋሁ። ዓርብ ባይሆን ኖሮ ዶሮ ባረድኩ።

ማሂ ለምሳ መጣች። በሩን ሳትዘጋ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ሳጥኑን ስትከፍት እኔ ወጥ እያማሰልኩ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ፤ ምስጋናዋን በዝምታ ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ። ዞር ስል መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ብልቃጡን አፍንጫዋ ሥር ይዛ።

«በረኪና» አለች።

«ራስሽ አይደለሽ ያልሽኝ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ስድስት ወር ነው እማዬ» ብቻ አለች። እንባዋ በአፍንጫዋ በኩል ወረደ፤ ሳትጠርገው ተወችው። ነገ ቡራዩ ላይ ሦስቱም ቡድን አንድ ላይ ለውድድር ዳኞች ፊት ይቀርባሉ፤ የሁሉም ሥራ የሚታየው በእነዚያ ብልቃጦች ነው፤ እነሱ ከሌሉ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ነው የሚቆሙት። እሷ ደግሞ የሰበታው አለቃ ናት። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔም ወጡ ሲያር እየሸተተኝ ቆሜ ሰማሁ።

«ጂን እቤታችን ይኑር ነው የምትይኝ ታዲያ?» አልኩ፣ ያለኝ መከላከያ ያ ብቻ ስለነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እማዬ ... ጂን ያልኩት ጂኒ መስሎሽ ነው?»

«ምን ሊመስለኝ ነበር?»

እያለቀሰች ሳቀች። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርግ ልክ እናቷን ነው የምትመስለው። «ነይ» ብላ መስታወት ፊት አቆመችኝ። «ጥርስሽን አሳዪ።» አሳየሁ። የሷንም አሳየች። የፊት ጥርሴ መሃል ፍንጭት አለ፤ በልጅነቴ አገር ያወራለት ነበር። የሷም አለ፤ እንደኔው፣ ትክክል መሃሉ ላይ።

«ይቺን ፍንጭት ለእናቴ ማን ሰጣት?»

«እኔ።»

«ለኔስ?»

«እናትሽ።»

«በቃ ከአንቺ ወደሷ፣ ከሷ ወደኔ ይዞ የመጣው ነው ጂን። ዘር እንደማለት።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ዘር አትሉትም! በስልክ ጂን ጂን እያላችሁ የሰው ነፍስ ልታወጡ ነው?»

«ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ደግሞ እርሾ ነው። የቡራዩ ልጆች ያዘጋጁትን ዘር እኛ እርሾ ውስጥ አስገባነው፤ መጥፎ ነገር ያለበት ውሃ ሲያገኝ ቀይ እንዲሆን።»

እርሾ! ጂን ገድዬ ቢሆን ግዴለም፣ የሰው እርሾ መግደል ግን በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎረቤት ተጣልቶ ሰላምታ ሲከለክል እንኳ እርሾ አይከላከልም። እናቴ ሸማዋን አውልቃ ለሰው ብትሰጥ አይቆጫትም፣ እርሾዋ ሲበላሽባት ግን እንደ ሐዘንተኛ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትውላለች። እኔ ልጇ፣ ሽታውን እያወቅኩት፣ በረኪና!

ግን የእናቴ ልጅ ነኝና የእናቴን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ለማን አበድራችኋል?»

«ምኑን?»

«እርሾውን። እርሾዋ የሞተባት ሴት መጀመሪያ የምታስበው ማን ከኔ ወስዶ ነበር ብላ ነው።»

ማሂ እንባዋን ያን ጊዜ ጠረገች። «ሱሉልታዎች አላቸው» አለች። «እነሱም ጋ እንደኛው ይሠራ እንደሆነ ይሞክሩት ብለን ልከንላቸው ነበር። ግን ...» አንገቷን ደፋች። «አልደውልም። ከገመቹ ጋር አንነጋገርም።»

ገመቹ የሱሉልታው አለቃ ነው። የተጣሉት በምን ቢሆን ጥሩ ነው? በስም! ሥራው የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ የማን ከተማ ይቅደም ብለው። ማሂ በሀ ሁ ተራ ይሁን ብላለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት ልጆቼን ላደርስ ብቻ ነው፤ ፊደሉን የለቀምኩት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ምስር ስለቅም ነው፤ ቢሆንም በጣቴ ቆጠርኩት። ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ። ማሂ አንደኛ። የቡራዩዋ ለሊሴ ደግሞ በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ይሁን ብላለች፤ በዚያ ቡራዩ አንደኛ ይሆናል፣ ሰበታ ይከተላል። ሱሉልታ ምስኪን በየትኛውም ፊደል አይቀድምም። ገመቹ ቢናደድ ይፈረድበታል?

«አንቺ አትደውዪ» አልኳት። «እርሾ መበደር የአሮጊት ሥራ ነው።»

«እማዬ፣ የት እንደሆነ እንኳ አታውቂም!»

«አፍ ያለው ሱሉልታ አይጠፋውም» ብዬ ወጣሁ። ባዶ እጅ ደግሞ እርሾ ልመና አይኬድም፤ ለልጄ የያዝኩላትን ጭኮ በአገልግል አደረግኩ። በቅቤ የታሸ መሆኑና ቀኑ ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ ታክሲው ከተነሳ በኋላ ነው።

ከሰበታ ሱሉልታ ማለት አዲስ አበባን በወገቧ ሰንጥቆ ማለፍ ነው። አየር ጤና ወረድኩ፣ ሌላ ያዝኩ፤ አንዱ ጋ ተሳስቼ አስኮ ሄጄ ተመለስኩ፤ አዲሱ ገበያ ስደርስ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። የሱሉልታው ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ፣ ደግ ፊት ያላት፣ «ወዴት ነው እናቴ በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ።

ጥሩ ነገር ሲጠይቁኝ ረዥም መመለስ እወዳለሁ። «ጂን ልበደር ነው ልጄ» አልኳት። «የኛ ሞተብን። እኔ ነኝ በስህተት የገደልኩት፤ አሁን ሱሉልታ ያሉት ልጆች ዘንድ ትርፍ አለ አሉ።»

«ወራጅ አለ!» አለች። ጫካው መሃል። ቤት እንኳ የለም።

የሱሉልታው ኮሌጅ በር ላይ ያለው ዘበኛ ወጣት ነው፣ ትሑት። «አካም ጂርቱ አኮ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ፤ አኮ ማለቱ አያቴ ነው።

የሴትዮዋ ነገር ስላስተማረኝ በሌላ ቃል ልለው ነበር፤ ሌላው ቃል ግን ጠፋኝ። «ጂን ያላቸውን ልጆች።»

ፊቱ ተለወጠ። «አኮ፣ ጸበሉ ከዚህ ወደ ላይ ነው። ባጃጅ ልጥራልዎት?»

«ጸበሉንማ ሞክሬዋለሁ። እንዲያውም አረፋ ደፈቀ።»

ዘበኛው ሳያየኝ፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ በሩን ከፈተልኝ። ገመቹ ማነው ብዬ ጮህኩ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ረዥም ልጅ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

ወረደ። አገልግሌን ተቀበለኝ፣ አስቀመጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። የማሂ አያት መሆኔን ስነግረው ቅንድቡ ተነሳ።

«እሷ ላከችዎት?»

«እሷማ ኩሩ ናት። እኔ ነኝ ራሴን የላክሁ። እርሾ እንድትመልስልን ነው የመጣሁት፤ የኛው ሞቷል።»

«ሞተ!» ከወንበሩ ተነሳ፤ አሁን ጸቡ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። «እንዴት? ለነገ እኮ ነው! ምን ገደለው?»

«እኔ።»

«እንዴት አድርገው?»

«በጸበልና በበረኪና።»

ገመቹ መጀመሪያ ፈዘዘ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይናጥ ጀመር፤ ልጁ አለቀሰ ብዬ ተነስቼ ጀርባውን አሻሸሁት። ለካ እየሳቀ ነው። ታሪኩን ከነምስሩ፣ ከነኦቦ ቶሎሳ አስነገረኝ፤ እያስነገረኝ ጭኮውን ቆርሶ ቆርሶ ጨረሰው። «እኔን ዓርብ አይዘኝም አኮ» ይለኛል፣ ቅቤው በአገጩ እየወረደ።

በኋላ ጠረገና ኮስተር አለ። «እርሾው አለ፤ በደንብ ይዘነዋል። አሁኑኑ ይዤ ቡራዩ ለሊሴ ጋ እወርዳለሁ፤ እዚያ መብራት አለ፤ እስከ ጠዋት ይደርስልናል። አንድ ነገር ግን አለኝ።»

«በል ልጄ።»

«ሰሌዳው ላይ ሱሉልታ ይቅደም።»

ይህ ነው? እኔ ስንት ነገር ፈርቼ! «እርሾ ያበደረማ ይቀድማል» አልኩ ወዲያው። «በሀ ሁም አይደለ፣ በቁቤም አይደለ። በደግነት ነው።»

ስልኩን ሰጠኝ። ማሂ ድምፄን ስትሰማ «የት ነሽ?» ብላ ጮኸች፤ ሁሉን ስነግራት ደግሞ፣ «እማዬ! አንድ ወር የተከራከርንበትን በአንድ ደቂቃ!» አለች። ገመቹ ስልኩን ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ ዞሮ አወራት። ያሉትን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ዘንድሮ አላምነውም። መጨረሻ ላይ ግን «ነይ በቃ፣ ቡራዩ እንገናኝ» ሲል ሰምቻለሁ።

እነሱ ቡራዩ ምን ሲሠሩ እንዳደሩ እነሱ ያውቃሉ። እኔ ቤቴ ገብቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ፤ ለክብር ይሁን ዓይናቸው ሥር እንድሆን አልገባኝም። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሆኖ «ሱሉልታ» ይላል። ማሂ፣ ለሊሴና ገመቹ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ሦስቱም ዓይናቸው ቀልቷል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ መሃል ያለችው መነጽር ያደረገች ዶክተር ናት አሉ።

ማሂ አንዱ ብልቃጥ ላይ የተጣራ ውሃ ጨመረች። ምንም። ሌላው ላይ ከወንዛችን የቀዳችውን ጨመረች፤ ያው ከብት የሚጠጣው፣ እኔም በደህናው ጊዜ ልብስ ያጠብኩበት ወንዝ። ጠበቅን። ማሂ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ጣቶቿን ትጨምቃለች። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ከታች ጀምሮ፣ እንደ ቀይ ሥር ሆነ።

ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄ አልነሳ አለኝ። ያን ሁሉ ሰሞን ስፈራ የከረምኩት ፍሪጄን ነው። መፍራት የነበረብኝ ወንዙን ኖሯል!

ዶክተሯ ግን አላጨበጨበችም። «ጥሩ ነው» አለች። «ይህ እርሾ ሾልኮ ቢወጣባችሁስ? በምን ትገድሉታላችሁ?»

«በበረኪና» አለች ማሂ።

«ብሎ መናገር ቀላል ነው። ሞክራችሁታል?»

ገመቹ ኮርኒሱን አየ። ለሊሴ አፏን ያዘች። ማሂ ዞራ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«አያቴ ሞክራዋለች» አለች።

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ዶክተሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ሳላውቅ ነው ልጄ» አልኩ፣ ቆሜ።

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

ሰዓት መቼ አየሁና! ያለኝን ተናገርኩ። «አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ እስኪደገም። ሁለተኛው ላይ ዝግ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ጸጥ።»

ይስቁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ዶክተሯ ግን «ቀስ ብለው ነው የሚደግሙት ወይስ ፈጠን?» አለችኝ። ቀስ ብዬ ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አነሳች።

ጻፈችው! ማርያምን፣ እኔ ያልኩትን ጻፈችው! ስሜን ለመጻፍ ሃምሳ ዓመት የፈጀብኝ ሴትዮ፣ ቃሌ የዶክተር ደብተር ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ከጂኑ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እስክቀመጥ ድረስ ማሂ በክንዴ ይዛኝ ነበር።

ሁለተኛ ወጡ። «ሱሉልታ እንደ ልማዷ» አለ ገመቹ፤ ሦስቱም ተያይዘው ሳቁ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ኦቦ ቶሎሳ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ወሬ ተርቦ ነው።

«እህሳ፣ ያ የቡራዩ ጂን ወጣ?»

የተማርኩትን ላስተምረው ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። «ምን ይወጣል ኦቦ ቶሎሳ፤ ለካ የኔው ነው! ከኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ማሂ የተላለፈ ነው። እርስዎም አለብዎት፣ ሰው ሁሉ አለበት። የኔውን ላሳይዎት?» ብዬ አፌን እስከ ጥግ ከፍቼ ፍንጭቴን አሳየሁት።

ዱላውን ጥሎ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ደጄን ስከፍት፣ ገና ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ በረኪና ተቀምጦ አገኘሁ።